ካሜራው ከመውጣቱ በፊት፦ ሎኬሽን የማየትና ለበጎ አድራጎት ፎቶ የማንሣት መመሪያ

ባለፈው ጥር ሁለት ሠርግ፣ የጎንደርን ጥምቀትና በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የተዘጋጀ የፎቶ ቀን በአንድ ወር ውስጥ ሠራሁ። ሥራዎቹ በዓይነታቸው የተራራቁ ናቸው፤ ይሁንና ወሩ ሲያልቅ ፎቶዎቹን ለመምረጥ በተቀመጥኩ ጊዜ፣ ለማስረከብ ያላፈርኩባቸው ሁሉ ቀደም ብዬ ካሜራ ሳልይዝ ከሄድኩባቸው ቦታዎች የተገኙ መሆናቸውን አስተዋልኩ። ሳላይ የገባሁባቸው ቦታዎች የሰጡኝ ደግሞ ወይ በቀትር ጥላ የጠቆረ ዓይን፣ ወይ ከሙሽራዋ ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ ነበር። ስለ ካሜራ ዓይነትና ስለ ሌንስ ዋጋ የሚጽፉ ሞልተዋልና ያንን ለእነርሱ ትቼ፣ በዚህ መመሪያ ካሜራ ስለማይያዝበት ስለዚያ የመጀመሪያ ጉብኝት እጽፋለሁ።

ቦታውን በሥራው ሰዓት ማየት

በሙያው ሰዎች ዘንድ «ሎኬሽን ማየት» የሚባለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባለሙያው ቦታው ድረስ ስላልሄደ ሳይሆን ባልሆነ ሰዓት ስለሄደ ነው። ከሥራ መልስ 10 ሰዓት ላይ እንጦጦ ወጥተው ያዩት የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ሙሽሮቹ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲደርሱ በተቃራኒው ወገን ወድቆ ይገኛል። ስለዚህ ፎቶው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስቀድመው ከደንበኛው ጋር ይወስኑ፤ ከዚያም በዚያው ሰዓት፣ የሚቻል ከሆነም በዚያው የሳምንቱ ቀን፣ በቦታው ይገኙ። የሳምንቱን ቀን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማክሰኞ ጭር ብሎ ያዩት መናፈሻ በጥር ወር እሑድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸውና ከነአጃቢዎቻቸው አሰልፎ ሊጠብቅዎ ይችላል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ከአድማስ ተነሥታ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ስትጠልቅም ቀጥ ብላ ትወርዳለች እንጂ በሰሜን አውሮፓ በበጋ እንደሚታየው አድማሱን ታክካ ረጅም ሰዓት አትቆይም። አብዛኞቻችን ሙያውን የተማርነው የውጭ አገር ሰዎች በኢንተርኔት ከሚያቀርቡት ትምህርት በመሆኑ «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉትን ብርሃን ሰፊ ጊዜ አድርገን እናስበዋለን፤ እዚህ ግን ለስላሳው ብርሃን 40 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሊሠራበት የሚችለው ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ያበቃል። የፀሐይ መውጫው በዓመቱ ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው መካከል ይመላለሳል፤ እጅግ የሚዘገየውም የሠርግ ወር በሆነው በጥር ነው። ሙሽሮችን በማለዳ ብርሃን ለማንሣት የሚያስብ ሰው ሜካፕ የምትሠራዋን ባለሙያ በሌሊት መቀስቀስ ይኖርበታልና ይህንን ለቤተሰቡ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። እኔ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጠዋቱን ትቼ የማታውን ብርሃን መርጫለሁ።

ከሰዓቱ ሌላ ወሩም ይታሰብ። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ስትሆን በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሥራ ላይ የሚያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፦ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ግድግዳ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይነካውም። የበጋው ፀሐይ በሚከብድበት በእኩለ ቀን እንኳ ከእንዲህ ያለው ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው ፊት ላይ ከተከፈተው ሰማይ የሚመጣ ወጥ የሆነ ለስላሳ ብርሃን ያርፋል። ለገሃርም ይሁን ቦሌ በምሄድበት ሁሉ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሳይ በስልኬ መዝግቤ እይዛለሁ፤ ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነማ ደስታዬ እጥፍ ነው። ያው ግድግዳ ግን በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ስለሚያገኘው በጥር የጻፉትን ማስታወሻ በክረምት አይመኑት።

ስለ ወቅት የማወራው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ በመስከረም አጋማሽ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ላይ አደይ አበባ የሸፈነው መስክ አይቼ ለአንድ ደንበኛ ቃል ገባሁ፤ ቀጠሮው በእኔና በእርሱ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ጥቅምት ሲጋመስ ብንደርስ አበባው ረግፎ ሣሩም ታጭዶ ነበር። አደይ የምትቆየው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የደረሰ ጤፍ የሚፈልግ ኅዳርን፣ ከዝናብ በኋላ የታጠበ ጥርት ያለ ሰማይ የሚፈልግ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያሉትን ሳምንታት ይያዝ፤ በመጋቢት ደግሞ አቧራና ጭጋግ ሩቁን ተራራ ስለሚያደበዝዙት ሰፊ የተራራ እይታ ለደንበኛ ቃል አይግቡ።

ከዚህ ሁሉ ደንብ ውጭ የሆኑ ቦታዎች አሉ፤ ግልጹ ምሳሌ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬት ወለል በታች 12 ሜትር ገደማ ጠልቆ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ በመሆኑና ዙሪያውን የከበበው ክፍተት ጠባብ በመሆኑ፣ በማለዳም ሆነ በምሽት ፀሐይ የምታበራው የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣሪያ ብቻ ሲሆን የግድግዳው ግርጌ በጥቁር ጥላ ውስጥ ይቀራል። ሌላ ቦታ የምንሸሸው የረፋድና የቀትር ብርሃን እዚህ ግን ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ብቸኛው ብርሃን ይሆናል። ከላይ ቆመው ጣሪያውን ለማንሣት ማለዳውን፣ ወርደው የግድግዳውን ጥርብ ለማሳየት ረፋዱን መምረጥ ይገባል ማለት ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑ የፀሐይ አቅጣጫ መጠቆሚያዎች፣ ለምሳሌ ፎቶፒልስ፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደምትሆን በትክክል ይነግራሉ፤ ጉድጓዱን፣ ዛፉንና አምና የተገነባውን ፎቅ ግን አያውቁም።

አምና የተገነባው ፎቅ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። የአዲስ አበባን ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት ያነሣን ሰዎች በማስታወሻችን የያዝናቸው ደረጃዎች፣ የእንጨት በረንዳዎችና የሱቅ በሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ከስድስት ወር በላይ የቆየ የሎኬሽን ማስታወሻ እንደገና ሳይጎበኙ ለደንበኛ ማቅረብ የለብዎትም።

ነጠላውና ፊቱ

በጉብኝቱ ጊዜ ካሜራ አይያዝ ስል ስልክ አይያዝ ማለቴ አይደለም፤ ስልክና አንድ ነጭ ነጠላ ይዘው ይሂዱ። ነጠላው ለሙከራ ነው። በአገራችን ባለሙያውን ከምንም በላይ የሚፈትነው ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በነጭ ነጠላ ተከብቦ በጠንካራ ፀሐይ ሲቆም ነው። የካሜራው የብርሃን ልኬት የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለሆነ፣ ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑን ይቀንስና ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ፊቱን ብቻ እንዲለካ ሲያደርጉት ደግሞ የነጠላው ጥለትና የሽመናው መስመር በነጭ ብርሃን ተውጦ ይጠፋል። አብሮዎት የሄደውን ሰው ነጠላውን አልብሰው በታሰበው ቦታ ያቁሙትና በስልክዎ ያንሡት፤ ነጠላውና ፊቱ በአንድ ፎቶ ላይ ሁለቱም የሚነበቡበትን ስፍራ እስኪያገኙ ወደ ጥላው ያስገቡት፣ ወደ ግድግዳው ያስጠጉት፣ ፊቱን ያዙሩት። በሥራው ቀን ነጩ ላይ ዝርዝር እንዳይጠፋ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ቀኝ ጠርዙን እንዳያልፍ እየጠበቁ ፊቱን በሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃን በሚመልስ ሰሌዳ፣ ማብራት በቂ ነው፤ በሮው ፎርማት (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሡም የጠቆረውን በኋላ ማንሣት ይቻላል፣ የጠፋውን ነጭ ግን የሚመልሰው የለም።

ጥምቀት የዚህ ፈተና የመጨረሻው ደረጃ ነው። ጥር 11 ቀን ጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ነጭ የለበሰ ነው፣ ውኃው ያንጸባርቃል፣ ካህናቱ የያዙት ጃንጥላ ወርቀ ዘቦ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣውም ወደ 1 ሰዓት ተጠግታ ነው። እዚያ ቦታ መምረጥ የሚቻለው በዋዜማው፣ በከተራ ዕለት ነው። በማለዳው ቆመው የሚሠሩበት ቦታ ካልተያዘ ሕዝቡ ባቆመዎት ቦታ ይቆማሉ እንጂ አይመርጡም። እኔ በከተራ ሄጄ ፀሐይ የምትወጣበትን ወገን ከስልኬ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን የሚመጣበትን አንድ ጥግ ለይቼ ያካባቢውን አስተባባሪ ወጣቶች አነጋገርኩ፤ በነጋታው በዚያው ጥግ ቆሜ ያነሣሁት ነው የዓመቱ ጥሩ ፎቶዬ።

ደጅ ጠባቂና ደብዳቤ

ብርሃኑን ያገኘ ሰው ፈቃዱን ካላገኘ ምንም አላገኘም። በከተማችን ትልቅ ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገናኘው ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ነው፤ ጥበቃው «ክልክል ነው» ሲል ብዙ ጊዜ እውነትም የተከለከለ ስለሆነ ሳይሆን ኃላፊነቱን መውሰድ ስለማይፈልግ ነውና በመከራከር አይጠቀሙም። በጉብኝቱ ዕለት ጥበቃውን በአክብሮት ሰላም ብለው ማን እንደሚፈቅድ ይጠይቁት። የግል ሕንፃ ከሆነ አስተዳዳሪውን፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ መናፈሻ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱን ያነጋግሩ፤ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰፋ ያለ ሥራ ደግሞ ወረዳው ያውቀው ዘንድ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። ደብዳቤው የሥራውን ቀን፣ ሰዓትና የሰዎቹን ብዛት ካልገለጸ በቦታው ላይ ተጨማሪ ጥያቄ ያስነሣል። ወታደራዊ ተቋማትንና የቤተ መንግሥት አጥርን በጀርባ የሚያስገባ ሎኬሽን ከመጀመሪያው አይምረጡ።

ድሮን የሚያስቡ ሰዎች የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ አስቀድመው ማግኘት ግድ ይላቸዋል፤ ያለ ፈቃድ ከውጭ የገባ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በሥዕል ያጌጡ የጥንት ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ ፍላሽ አይተኮስም፤ ለቅዳሴ የቆመውን ምእመን ማወክ ከመሆኑም በላይ ለሥዕሎቹ ቀለም አይበጅም ተብሎ ይሠጋል፤ ስለዚህ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 እና 6400 ከፍ አድርጎ በፎቶው ላይ የሚመጣውን ጥቃቅን ነጠብጣብ መታገሥ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ጠመንጃ የያዘ አጃቢ ይመደብለታል፤ አጃቢውን በዚያ «ስካውት» ይሉታል፣ እውነትም ጭላዳ በስንት ሰዓት ወደ ገደሉ ጫፍ እንደሚወጣ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማስታወሻዬ ላይ ከብርሃንና ከፈቃድ ሌላ የምጽፈው ለሳቅ የሚዳርግ ይመስላል፦ ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ፣ ከመኪናው እስከ ቦታው ያለው መንገድ ጭቃ መሆን አለመሆኑ። ነጭ ቬሎ ለብሳ በጭቃ 200 ሜትር የተጓዘች ሙሽራ በምንም ብርሃን ፊቷ አይፈታም።

ለበጎ አድራጎት ሲሠሩ

በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ የሚታየው ሎኬሽን ቦታው ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹም ናቸው። አገራችን በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የምታውቀው ነገር አላት። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያነሣቸው የረኃብ ምስሎች ዓለምን አስደንግጠው ብዙ እርዳታ አስገኝተዋል፤ ያንኑ ያህልም ኢትዮጵያዊ ማለት ዝንብ የወረረው ሕፃን ነው የሚል ሥዕል በብዙ አእምሮ ውስጥ ተክለው ቀርተዋል። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስልና መልእክት አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡትም እንዲህ ያለው ምስል የሰውን ክብር እንደሚነካ በመገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለየ መንገድ የሞከሩ አሉ። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውኃ እጦት የሠራቻቸውን 12 ፎቶዎች ያነሣችው በአፋር ዳሎል ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትርን አልፎ በሚወርደው በዚያ የጨው ምድር ላይ በደማቅ ቀይና ሰማያዊ ልብስ ያጌጡ ሴቶችን እንስራና ጀሪካን አስይዛ አቆመች እንጂ የተቸገረ ሰው ፊት አላሳደደችም። ሁላችንም እንደርሷ መሥራት አንችልም፤ ቦታውን ለታሪኩ ብላ የመረጠችበትን መንገድ ግን መማር እንችላለን።

ለአንድ የገጠር የውኃ ፕሮጀክት ሲጠሩ በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን በቦርሳው ይተዉት። የቦኖው ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ፣ ሴቶቹ በስንት ሰዓት እንደሚቀዱ፣ ጀሪካኑን ማን እንደሚሸከመው በዓይንዎ ይዩ፤ ቡና ከቀረበም ሦስቱንም ይጠጡ። ድርጅቱ ያሰበው ፎቶ ሪባን የሚቆርጡ እንግዶች ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገው ፎቶ ግን ምናልባት ቀድሞ ወንዝ ትወርድ የነበረች ልጅ በዚያ ሰዓት ደብተር ይዛ የተቀመጠችበት ደጃፍ ነው፤ ያንን ደጃፍ በአንድ ሰዓት የእንግዳ ጉብኝት አያገኙትም።

ፈቃድ መጠየቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 በአደባባይ ለሚደረጉ በዓላትና ለታወቁ ሰዎች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ጥምቀትን በአደባባይ ማንሣትና የአንዲትን ታማሚ ፊት በገንዘብ ማሰባሰቢያ ፖስተር ላይ ማውጣት ስለዚህ አንድ አይደሉም። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጨምሯል። ፈቃድ ሲጠይቁ «ላንሣዎት?» ማለት አይበቃም፤ ፎቶው የት እንደሚወጣ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው። እኔ ያለፈ ሥራዬን በወረቀት አሳትሜ እይዝና «እንዲህ ሆኖ በከተማ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በስልክም ይዞራል፣ ዘመድዎ ያየው ይሆናል» እላለሁ። ሥዕሉን ካዩ በኋላ እምቢ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ያለ ሥዕሉ እሺ ይሉኝ እንደነበር ሳስብ አፍራለሁ። ለሕፃን ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይፈርማል፣ ልጁም ራሱ ይጠየቃል። የተደበቀ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ሴቶችን ወይም ሕፃናትን ካነሡ ፋይሉ ላይ የሚቀረውን የቦታ መረጃ ከማስረከብዎ በፊት ያጥፉ፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ ቤቱ ያለበትን ስፍራ እስከ በሩ ድረስ ሊናገር ይችላል።

በነፃ መሥራት ያለ ውል መሥራት ማለት አይደለም። ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ለበጎ ሥራ ወረቀት ማስፈረም ያሳፍራል ይላሉ። እኔ ግን ከድርጅቱ ጋር የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ፣ ስንት የተስተካከለ ፎቶ እንደማስረክብ፣ ትራንስፖርትና አበል ማን እንደሚችል፣ ፎቶዎቹም ለምን ያህል ጊዜና ለምን ጉዳይ እንደሚውሉ በአንድ ገጽ እንጽፋለን፤ የሥራውን ሙሉ ዋጋ አስፍሬም ከሥሩ «በነፃ የተሰጠ» እላለሁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በውል ሌላ ካልተባለ የአዛዡ ስለሚሆን፣ ዝም ብሎ የሰጠ ባለሙያ የራሱን ፎቶ ለኤግዚቢሽን ለማውጣት እንኳ ፈቃድ ለማኝ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በነፃ የሰጠሁት የአንዲት እናት ፎቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ሌላ በሽታ በሚናገር ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ አይቻለሁ፤ እናቲቱን ያነሣኋት ጤነኛ ሆና ቡና ስታፈላ ነበር። ውል ስላልነበረን የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

በመጦሪያው የተደረገው የፎቶ ቀን ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ከሁሉ ይልቅ ዝግጅት የጠየቀ ሥራ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ሔልፕ ፖርትሬት የተባለው እንቅስቃሴ ባለሙያዎች ፎቶ አንሥተው አትመው ለተነሣው ሰው እንዲሰጡ ሲያደርግ ቆይቷል። ከሳምንት በፊት ሄጄ በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል መረጥኩ፤ ቁመቱ ትክክል የሆነ ባለ መደገፊያ ወንበር ፈለግሁ፤ ለመቆም የሚቸገሩትን አልጋቸው ድረስ ሄጄ የማነሣበትን መንገድ ከነርሶቹ ጋር አሰብኩ። አንዲት እማማ ፀጉራቸውን ሳይሠሩ አንነሣም ስላሉ ለዕለቱ ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ይዘን መጣን፤ ሰልፉ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እርሷ ሆነ። ፎቶዎቹን በዚያው ሳምንት በ13 በ18 ሳንቲ ሜትር መጠን አሳትሜ ተመለስኩ። ቀጭን ወረቀት በትራስ ሥር ስለሚታጠፍ ላሚኔት ቢደረግ (በፕላስቲክ ቢለበጥ) ይሻላል፤ በጀርባውም ከላሚኔቱ በፊት የባለፎቶውን ስም ከነአባት ስም፣ ቀኑንና የትውልድ ስፍራቸውን በማይለቅ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። የትውልድ ስፍራው እንዲጻፍ የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ አባት «መንዝ» የሚለው በትልቁ እንዲሆን አስደግመው አስጽፈውኛል።